ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን በስንት ይፈርማል?

ጁላይ ሲገባ ዋሽንግተን ውስጥ የቤዝቦል ደጋፊን ስለ ሌላ ነገር ማናገር አይቻልም። ቡድኑ ናሽናልስ ሲሸነፍ ከርሟል፤ ሰውየው ግን ስለ ሽንፈቱ ብዙም አያወራም። የሚያወራው ኦክላሆማ ገጠር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን ገና ስለጨረሰ ልጅ ነው። ልጁ በስንት ሰከንድ እንደሚሮጥ፣ ክርኑ ታሞ እንደሆነ፣ አባቱ የት የት እንደተጫወተ ያውቃል። ከሁሉም በላይ ስንት ዶላር ቢሰጡት እንደሚፈርም ያውቃል። እኛ ለአርሰናልና ለማንችስተር ኩርፊያ የምንገባ ሰዎች፣ የገዛ ክለባችንን ከ20 ዓመት በታች ቡድን አምበል ስም ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን?

ነገሩ እንዲህ ነው። 30ዎቹ የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ክለቦች በየዓመቱ ተራ ገብተው ከሁለተኛ ደረጃና ከኮሌጅ ተጫዋቾች መካከል ይመርጣሉ፤ ድራፍት የሚሉት ይህ ነው፣ 20 ዙር አለው። ከ2023 ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቦታዎች ለጥሎ ማለፉ ባልደረሱት 18 ክለቦች መካከል በዕጣ ይወጣሉ። ለ2025ቱ ምርጫ ናሽናልስ 10.2 በመቶ ዕድል ይዞ ገብቶ አንደኛነቱ ወጣለት። ቺካጎ ኋይት ሶክስ ደግሞ በ2024 ውድድር 121 ጨዋታ ተሸንፎ፣ ያን ሁሉ ውርደት ተሸክሞ፣ 10ኛ ተቀመጠ። በሕጉ መሠረት ገቢውን ለሌሎች የሚያካፍል የትልቅ ከተማ ክለብ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዕጣው አይጠቀምም። ናሽናልስ ራሱ በ2024 በዚሁ ሕግ 10ኛ ነበር። እናም ዕድሉ በስንት ዘመን አንዴ መጥቶ ሳለ፣ ምርጫው ልክ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጁላይ 6 ቀን፣ ክለቡ የቡድኑን የበላይ ኃላፊ ማይክ ሪዞንና አሰልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበተ። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌዎቹን ከቤት ማስወጣት ማለት ነው። ምርጫውን ማይክ ዲባርቶሎ በተጠባባቂነት መራው።

ደጋፊው ሦስት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ወገን ኬድ አንደርሰን አለ። የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግራኝ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው፤ ቡድኑ በጁን የኮሌጅ ሻምፒዮን ሲሆን የውድድሩ ኮከብ ተብሏል። የዚህ ወገን ምስክር ፖል ስኪንስ ነው፤ እሱም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በጁላይ 2023 በፒትስበርግ አንደኛ ተመርጦ በሜይ 2024 ሜጀር ሊግ ሜዳ ላይ ቆመ። አሥር ወር! ሁለተኛው ወገን ኢታን ሆሊዴይ አለ፤ ጉልበቱ የሚፈራ፣ ኳስ ከአጥር ውጭ የሚጥል የኦክላሆማ የሁለተኛ ደረጃ ልጅ። ሦስተኛውና ቁጥሩ አነስ ያለው ወገን ኢላይ ዊሊትስን ያዘ። እሱም የኦክላሆማ ልጅ ነው፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ (ሯጩ በሚደርስባቸው ማረፊያዎች) መካከል የሚቆም ሾርትስቶፕ፣ በቀኝም በግራም የሚመታ። ከእኩዮቹ አንድ ዓመት ቀድሞ ስለተመረቀ በምርጫው ዕለት ዕድሜው 17 ዓመት ከ7 ወር ነበር።

የሚገርመው ሁለቱም የኦክላሆማ ልጆች የባለ ስም ልጆች መሆናቸው ነው። የሆሊዴይ አባት ማት ለዓመታት የሜጀር ሊግ ኮከብ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ጃክሰን በ2022 በባልቲሞር አንደኛ ተመርጧል። የዊሊትስ አባት ሬጂም ለኤንጀልስ ተጫውቷል። አገር ቤት ቢሆን ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። «የእገሌ ልጅ ስለሆነ ነው» ብለን እንዘጋው ነበር፤ ብዙ ጊዜም አንሳሳትም። እዚህ ግን የአባት ስም በበጎ ጎን ይመዘገባል፤ ከቤቱ ያየው፣ ከሕፃንነቱ የባለሙያ ልምምድ የለመደ ይሉታል። ሜዳ ላይ ያለው ቁጥር በይፋ ስለተቀመጠ አባቱ ሊያስገባው ይችላል ብሎ የሚሰጋ የለም። መልማዮች እያንዳንዱን ችሎታ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጡታል፤ 50 ማለት አማካይ የሜጀር ሊግ ተጫዋች ነው። ኳስ አመታት፣ ጉልበት፣ ሩጫ፣ የውርወራ ክንድና የሜዳ አጠባበቅ ለየብቻ ይመዘናሉ። በቀኝ የሚመታ ልጅ ከመምቻው ሥፍራ አንደኛ ቤዝ ለመድረስ 4.3 ሰከንድ ገደማ ከወሰደበት ሩጫው 50 ነው፤ 4.0 ከሆነ 80 ነው። በሰዓት ይያዛል፤ ዘመድ አይጨምርበትም።

ደጋፊው የሚስተው ዱላው ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃም በኮሌጅም የሚመታው በብረት ዱላ ነው፤ በባለሙያ ደረጃ ግን እንጨት ብቻ። ኳሱ እጀታው አጠገብ ሲያገኘው ብረቱ ይምረዋል፤ እንጨቱ ይሰበራል። ስለዚህ መልማዮች በክረምት ኬፕ ኮድ የሚደረገውን የኮሌጅ ተማሪዎች ሊግ በጥንቃቄ ያያሉ፤ እዚያ ከ1985 ጀምሮ በእንጨት ነው የሚጫወቱት። ፒቸር ከሆነ ደግሞ ፍርሃቱ የክርን ጅማት ነው። ቢበጠስ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት ይተካል፤ ቶሚ ጆን ይሉታል፤ ከዓመት በላይ ያስቀምጣል። ናሽናልስ በ2009 አንደኛ የመረጠው ስቲቨን ስትራስበርግ በ2010 ይኸው ደርሶበታል፤ በ2019 ዋንጫ አብልቷቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰውነቱ እምቢ አለው። አንደርሰንም ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ክርኑን በቀዶ ጥገና አስጠግኗል። የዋሽንግተን ሰው ፒቸር ሲባል ለምን ጥርሱን እንደሚነክስ ከዚህ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ነው። ሊጉ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች ለእያንዳንዱ ቦታ ዋጋ አውጥቷል። የ2025 አንደኛ ቦታ ዋጋ 11,075,900 ዶላር ነበር። የአንድ ክለብ የአሥሩ ዙር ዋጋ ተደምሮ ቋቱ ይሆናል፤ ክለቡ በቋቱ ውስጥ እንደፈለገ ያዘዋውራል። እስከ 5 በመቶ ካለፈ ባለፈው ላይ 75 በመቶ ቀረጥ ይከፍላል። ከ5 በመቶ አንዲት ዶላር ከተሻገረ ግን የሚቀጥለውን የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል፤ ይህን የሚደፍር የለም። ከ11ኛው ዙር ጀምሮ ለአንድ ልጅ እስከ 150,000 ዶላር ከቋቱ አይቆጠርም።

እንግዲህ ስሌቱን ተመልከቱ። ናሽናልስ ዊሊትስን መረጠና በ8.2 ሚሊዮን አስፈረመው። ከዋጋው 2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተረፈ። ሦስተኛ የወጣው አንደርሰን ከሲያትል 8.8 ሚሊዮን አገኘ፤ አራተኛው ሆሊዴይ ከኮሎራዶ 9 ሚሊዮን። አንደኛው ከሦስተኛውና ከአራተኛው ያነሰ ተከፈለው! የተረፈው ገንዘብ ወዴት ሄደ? ናሽናልስ በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ዙር የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን መርጦ ከቦታቸው ዋጋ በላይ ከፈላቸው። እነዚህ ልጆች የዩኒቨርሲቲ ቦታ በእጃቸው ስላለ በትንሽ ገንዘብ አይፈርሙም፤ ሌሎች ክለቦች የሚያልፏቸውም ለዚህ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ሂውስተን በ2012 አንደኛ የወጣውን ካርሎስ ኮሬያን 7.2 ሚሊዮን ዋጋ ባለው ቦታ በ4.8 ሚሊዮን አስፈርሞ፣ በትርፉ 41ኛ የመረጠውን ላንስ መከለርስን በ2.5 ሚሊዮን ያዘ። ሁለቱም በ2017 ዋንጫ አነሱ። ያው ሂውስተን በ2014 ግን ተቃጠለ። ብሬዲ ኤይከን የተባለውን ፒቸር አንደኛ መርጦ በ6.5 ሚሊዮን ተስማማ፤ ምርመራው ላይ የክርኑ ነገር አሳሰበውና ዋጋ ቀነሰ፤ ልጁ እምቢ አለ። በአሥሩ ዙር ውስጥ ያለ ልጅ ካልፈረመ የቦታው ዋጋ ከቋቱ ተነቅሎ ይጠፋል። ስለዚህ በዚያ ትርፍ ሊያስፈርሟቸው የነበሩ ሌሎች ሁለት ልጆችም አብረው ሄዱ። ማካካሻው በሚቀጥለው ዓመት የሚሰጥ ቦታ ነው፤ በዚያ ቦታ አሌክስ ብሬግማን ወጣ። ኤይከን ደግሞ በወራት ውስጥ ክርኑን ቀዶ ጥገና ገባ። ሐኪሞቹ ልክ ነበሩ፣ አያያዙ ግን አስጠላ፤ የሂውስተን ደጋፊ እስከ ዛሬ በዚህ ይጨቃጨቃል።

በጣም የሚያናድደው ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ዙር ያለው ነው። ደጋፊው «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል። ኮሌጅ አራተኛ ዓመቱን የጨረሰ ልጅ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ «ካልተስማማኝ ተመልሼ እማራለሁ» ይላል፤ የአራተኛ ዓመቱ ግን የሚመለስበት የለውም። ለቦታው 200,000 ዶላር ቢመደብም 10,000 ሰጥተው ያስፈርሙታል፤ ቀሪው ለዚያ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ላለው የሁለተኛ ደረጃ ልጅ ይሄዳል። መሄጃ የሌለው በመሄጃ ባለው ይቀጣል። ይህን ሲያዩ አሜሪካና አገር ቤት ያን ያህል እንደማይራራቁ ይታወቃል። ልዩነቱ እዚህ እስከ መጨረሻዋ ዶላር ተጽፎ በማግስቱ መነበቡ ነው። እኛ ዘንድ የወር ደመወዝ ጣሪያ በ2011 ዓ.ም. 50,000 ብር ሲባል ከዚያ በላይ ያለው በየት በኩል እንደሄደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የፊርማ ገንዘብ ወሬ ነው። ዕድሜ ወሬ ነው። በክረምት የሰፈር ውድድር ላይ ሦስት ሰው አጥፎ ጎል ያገባ ልጅ፣ ማን አየው፣ ማን መዘገበው? ሙከራ ይጠራል፤ ሁለት ቀን ይሮጣል፤ «እንደውልልሃለን» ይባላል። ለምን እንደቀረ አያውቅም፤ ለምን እንደተወሰደ የሚያውቀውም ደላላው ብቻ ነው። ደጋፊ በምን ይከራከር? ለመከራከርም እኮ ቁጥር ያስፈልጋል።

ቢሆንም የፈረንጁን ሥርዓት ማሞገስ አይገባም። ምርጫው የተጀመረው በ1965 ነው። ከዚያ በፊት ልጁ ከፈለገው ክለብ ጋር ይደራደር ነበር፤ በ1964 ኤንጀልስ ለሪክ ራይክሃርት ወደ 200,000 ዶላር ሲከፍል ባለቤቶቹ ደነገጡ። በመጀመሪያው ምርጫ አንደኛ የወጣው ሪክ መንዴይ የዚያን ግማሽ ያህል አገኘ። ዓላማው ተሳካ። ዛሬም የተመረጠ ልጅ ከመረጠው ክለብ ሌላ የሚያናግረው የለም፤ ሜጀር ሊግ ከደረሰም በኋላ ስድስት ዓመት አገልግሎት ሳይሞላ ነፃ አይወጣም። አገር ቤት ያለው ተጫዋች ክረምት በመጣ ቁጥር ክለብ ሲቀይር እንስቅበታለን፤ ቢያንስ እግሩ የራሱ ነው። የዋሽንግተን ደጋፊ ስለ ልጁ ዋጋ ሰዓታት ሲያወራ፣ ልጁ ዋሽንግተን መኖር ይፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አይሰማም።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ላላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ኳሱን ከያዘው፣ ጥቂት ነገር። ሕጉ የሚያየው መኖሪያንና ትምህርት ቤትን ነው። እዚህ የሚማር የሐበሻ ልጅ ምርጫው ውስጥ ነው፤ የ2024 አንደኛ ትራቪስ ባዛና አውስትራሊያዊ ሆኖ ኦሪገን ስቴት በመማሩ ብቻ ነው የገባው። ለምርጫ የሚበቃበት መንገድ ሦስት ነው፦ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ፤ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቶ በማንኛውም ዓመት፤ የአራት ዓመት ኮሌጅ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ሲሞላው። ብራይስ ሃርፐር ሁለተኛ ደረጃን በፈተና ቶሎ ዘግቶ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የገባው ለዚህ ነው፤ በ2010 ገና 17 ዓመቱ ሳለ ናሽናልስ አንደኛ መረጠው። የሚፈረመው ገንዘብ ግብር አለበት፤ ወኪሉም ድርሻውን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ደመወዝ ትንሽ ነው፤ በ2023ቱ ስምምነት ታችኛው ደረጃ ላይ በዓመት 19,800 ዶላር፣ ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ 35,800። ልጁ ከኮሌጅ በፊት የሚፈርም ከሆነ የትምህርት ወጪ በክለቡ እንዲሸፈን የሚያደርግ አንቀጽ አለ። በመጀመሪያው ውል ላይ ካልገባ በኋላ አይጨመርም፤ ልጁም መጫወት ካቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርቱን ካልጀመረ ይሰረዛል። ወኪሉ ስለ ሚሊዮኑ ሲያወራ ይህን አንቀጽ የሚያስታውሰው እናት ወይ አባት መሆን አለበት።