ይግባኝ የማያልቅበት ችሎት

ትጉህ ሰው ጠፋ፣ ለአቋሙ የሚቆም ጠፋ እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች የፒንክ ፍሎይድ አድናቂዎች «ከባንዱ አልበሞች ምርጡ የትኛው ነው?» ብለው ሲሟገቱ አላዩም። እንዲህ ያለ ትጋት ከየት ይገኛል? ደመወዝ የለ፣ ዕረፍት የለ፣ የተዘጋ መዝገብ የለ። አባት የጀመረውን ሙግት ልጅ ይረከበዋል፤ ልጅም የአባቱን ፍርድ ሽሮ ጉዳዩን ከሀ ይጀምረዋል። ሰው በትርፍ ሰዓቱ ከያዛቸው ሥራዎች እንዲህ በጽናት የተያዘ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለንደን ላይ የተመሠረተው ይህ የሮክ ባንድ ከ1967 እስከ 2014 ድረስ 15 የስቱዲዮ አልበሞች አውጥቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሥራ አምስቱን ተራ በተራ ለመስማት አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃል። መስማትማ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል። ልፋቱ ያለው መፍረዱ ላይ ነው፤ ለመፍረድ ደግሞ እነዚህ ሰዎች የሚጠፋ ቅዳሜ የላቸውም።

የችሎቱ የመጀመሪያ ሕግ በጥበብ የተሞላ ነው፦ ብዙ ሰው የወደደው አልበም ምርጥ ሊሆን አይችልም። «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የወጣው በማርች 1973 ነው። በአሜሪካው ቢልቦርድ የአልበሞች ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ የተቀመጠው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር፤ ከሰንጠረዡ ግን አልወርድም ብሎ እስከ 1988 ድረስ በድምሩ 741 ሳምንት ተቆጠረለት። በተራ ሰው ሚዛን ይህ ሙገሳ ነው። በአዋቂዎቹ ሚዛን የክስ ማስረጃ ነው። ያን ያህል ሕዝብ የወደደው ነገር እንዴት ጤነኛ ይሆናል? ይባስ ብሎ ብርሃን የሚሰነጥቀው የሽፋኑ ፕሪዝም በየካናቴራው ላይ ታተመና ከባንዱ አንድ ዘፈን የማያውቅ ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ለጥፎት ይሄዳል። ስለዚህ የበሰለ አድናቂ ስለዚህ አልበም ሲጠየቅ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ «ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ» ይላል። አልበሙንም፣ አልበሙን የወደዱትን ሚሊዮኖችም ባንድ ትንፋሽ አንደኛ ክፍል መለሳቸው። ይህን የሚያህል ሥልጣን በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል?

አልበሙ የማን ነው የሚለው ንዑስ ክርክር ደግሞ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። አንደኛው ወገን ግጥሙን በሙሉ የጻፈው የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሮጀር ዋተርስ ስለሆነ አልበሙም የእሱ ነው ይላል። ሌላው ወገን የዴቪድ ጊልሞር ጊታርና ድምፅ ባይኖር ግጥሙ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር ይላል። ሁለቱ እንዲህ ሲናቆሩ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት ትዝ የሚለው ሰው የለም፤ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ግን የእሱ ዜማ ነበር። በዚያው ዘፈን ላይ አንዲት ቃል ሳትናገር ሰው የምታስለቅሰው ክሌር ቶሪ ለዚያ ሥራዋ 30 ፓውንድ ተቀብላ ወደ ቤቷ ሄደች። በ2004 ከሰሰች፤ በ2005 ጉዳዩ በስምምነት አለቀና ስሟ ከራይት ጎን በደራሲነት ይጻፍ ጀመር። ሠላሳ ዓመት ከዘገየ በኋላ መሆኑ ነው። አዋቂዎቹን ግን እንዴት ረሷት ብለን አንወቅስም፤ በዋተርስና በጊልሞር መካከል ለአንዲት ሴት የሚሆን ቦታ ከየት ይመጣል?

«ለጀማሪ»ን ተሻግሮ የመጣ አድናቂ የሚያርፈው «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ላይ ነው፤ የ1975ቱ። እዚያም ብዙ አይቆይም። ራይትም ጊልሞርም ይህን አልበም አብልጠው እንደሚወዱት ተናግረዋል፤ ባለቤቶቹ የወደዱትን ደግሞ መውደድ የራስ ሐሳብ ማጣት ነው።

የባንዱ አባላት ስለ ገዛ ሥራቸው የሚሰጡት አስተያየት ሚዛን እንደማይደፋ መቼም የታወቀ ነው። ጊልሞርም ዋተርስም «አተም ኸርት ማዘር»ን፣ ያን ሽፋኑ ላይ ላም የቆመችበትን የ1970 አልበም፣ በየቃለ መጠይቁ አጣጥለውታል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጉዳይ ሲስማሙ ማየት ብርቅ ነው። ታዲያ አድናቂው ምን ያደርጋል? በትዕግሥት ያርማቸዋል። «ያኔ ምን እንደሠሩ እነሱም አልገባቸውም» ይላል። ስቱዲዮ ገብተው ዜማውን የደረሱት፣ የተጫወቱት፣ የቀዱት አልገባቸውም፤ እሱ ግን አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ገብቶታል።

አሁን ወደ እውነተኞቹ ሊቃውንት እንለፍ፤ ወደ «አኒማልስ» ሰዎች። እዚህ ላይ ምስጋናዬን ቆሜ ባቀርብ ደስ ይለኝ ነበር። በጃንዋሪ 1977 የወጣው ይህ አልበም አምስት ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ መግቢያውና መውጫው አጫጭር፣ መሐል ያሉት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ከአሥር ደቂቃ በላይ። ለሬዲዮ አይመችም፤ ሠርግ ላይ አይከፈትም፤ ገላውን እየታጠበ የሚያንጎራጉረው ሰው የለም። በአዋቂ ዓይን ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ሙያ አለ? «የእኔ አኒማልስ ነው» ያለ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። ዝግ ብሎ ይናገራታል፤ አገጩን ዳሰስ ያደርጋል፤ ፕሪዝሟን ደረታቸው ላይ የለጠፉትን አንድ ጊዜ ገረመም ያደርጋቸዋል። ዘፈኖቹ ስለ ውሾች፣ ስለ አሳማዎችና ስለ በጎች ናቸው፤ በጎቹ ደግሞ ዝም ብለው የሚነዱት ብዙኃን ናቸው። አድናቂያችን ስለ በጎቹ ሲያስረዳ ራሱን የሚያስቀምጠው ከመንጋው ውጭ መሆኑን መናገር አያስፈልግም።

ምን ያደርጋል፣ ምሥጢሩ ወጣ። ከብዙኃኑ ሊለይ የፈለገ ሁሉ ወደ «አኒማልስ» ሲሸሽ እዚያው ተገናኘ። ዛሬ «አኒማልስ»ን ለመምረጥ ወረፋ አለ፤ ወረፋው ላይ የቆመው ሁሉ ብቻውን የቆመ ይመስለዋል። (በነገራችን ላይ ለዚሁ አልበም ሽፋን ፎቶ በዲሴምበር 1976 ለንደን ውስጥ ባተርሲ የኃይል ማመንጫ ላይ አንድ ትልቅ የአሳማ ፊኛ አስረው ነበር። ማሰሪያው ተበጠሰና ፊኛው ሽቅብ ነጎደ፤ የአውሮፕላን በረራ አውኮ በመጨረሻ ኬንት ውስጥ እርሻ ላይ ወደቀ። ከዚህ ክርክር በጊዜ ያመለጠ ብቸኛው ባለጉዳይ እሱ ነው።)

የ1979ኙን የ«ዘ ዎል» («ግንቡ» ማለት ነው) ደጋፊዎች ለዛሬ አልነካቸውም። ሁለት ሸክላ ሙሉ ነው የሚከላከሉት፤ አንዴ ከጀመሩ ግንቡን ጡብ በጡብ ካላስረዱ አያቆሙም፣ እኔም ሥራ አለኝ።

ከሁሉም የማደንቀው ግን የባሬት ወገን የሆነውን ሰው ነው። ሲድ ባሬት የባንዱ የመጀመሪያ መሪ ነበር፤ የ1967ቱን «ዘ ፓይፐር አት ዘ ጌትስ ኦፍ ዶውን»ን በአብዛኛው የጻፈው እሱ ነው። ሁለተኛው አልበም ላይ ድምፁ ብቅ ብሎ ጠፋ፤ በ1968 ከባንዱ ወጣ። የባሬት ሰው አቋም ግልጽና አጭር ነው፦ «ከእሱ በኋላ ፒንክ ፍሎይድ የሚባል ነገር የለም።» የቅልጥፍናውን ነገር ተመልከቱ! ሌላው በ15 አልበም መካከል ሲባዝን እሱ 14ቱን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ከመዝገብ ፋቀ። የቀረው አንድ አልበም ነው፤ እሱም የሚያልቀው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። እንዲያ ሲሆን ለክርክሩ የሚተርፈው ጊዜ ከማንም ይበልጣል።

ከዚያ የፍቺው ጉዳይ አለ። በ1983 የወጣው «ዘ ፋይናል ከት» ሽፋኑ ላይ ራሱ የሮጀር ዋተርስ ሥራ ነው፣ ፒንክ ፍሎይድ ተጫወተው ይላል፤ ራይት በዚያ ጊዜ ባንዱ ውስጥ አልነበረም። በ1985 ዋተርስ ወጣ፤ በ1986 የባንዱ ስም ነገር ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1987 መጨረሻ ተስማሙ። ባለጉዳዮቹ ፈረሙ ማለት ነው። አድናቂዎቹ ግን አልፈረሙም። የዋተርስ ወገን ከ1985 በኋላ የወጣውን ሁሉ እንደ ሐሰተኛ ገንዘብ ያየዋል፤ የጊልሞር ወገን «ዘ ፋይናል ከት»ን ሲሰማ ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሰዓቱን ያያል። በጁላይ 2005 ዋተርስ፣ ጊልሞር፣ ራይትና ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰን ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ እንደገና አብረው ተጫወቱ፤ ሲጨርሱም መድረክ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቃቀፉ። ለሙግቱ አስደንጋጭ ቀን ነበር። ዕርቅ ማለት እኮ ጠበቆችን ሥራ ማስፈታት ነው። ደግነቱ ወዲያው አዲስ ጥያቄ ተገኘ፤ ከዋተርስና ከጊልሞር ማን ነው ሳይወድ በግዱ የተቃቀፈው?

ችሎቱ የሚመራበት መርሕ ገለልተኝነት እንደሆነ ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሁሉም ተሟጋች የሚጀምረው «የግል ስሜቴን ትቼ» ብሎ ነው። ስሜቱን ትቶ የደረሰበትን ፍርድ ሰምታችሁ፣ የመረጠው አልበም ጆሮው የገባበትን ዓመት ከልደቱ ጋር ብታሰሉት፣ ጢሙ ማቀምቀም የጀመረበት ጊዜ ላይ ታርፋላችሁ። በ1973 ጎረምሳ የነበረው በ1973 ይምላል፤ በ1979 የነበረው በ1979። የሙዚቃ ታሪክ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው በየሰዉ የአሥራ ስድስት ዓመት ልደት ሰሞን መሆኑ የሚገርም መገጣጠም ነው፤ ከዕድሜ ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም።

ይህን ሥርዓት የሚያውክ ሰው አልፎ አልፎ አይጠፋም። በቅርቡ አንድ ወጣት ከአንድ ነባር አድናቂ ፊት ቀርቦ «ዘ ዲቪዥን ቤል» ደስ እንደሚለው ተናገረ።

«የ1994ቱን ማለትህ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በሸክላ ነው የሰማኸው?»

«ኧረ ስልኬ ላይ ነው።»

ነባሩ አድናቂ ዓይኑን ጨፈነ። «እሺ፣ ምኑን ወደድከው?»

«እንዲሁ ነዋ! ስከፍተው ደስ ይለኛል።»

በችሎቱ ፊት እንዲህ ያለ መከላከያ ተሰምቶ አያውቅም። ልጁ ዋተርስ መቼ እንደወጣ አልጠቀሰም፤ የእንግሊዙን የመጀመሪያ ቅጂ ከአሜሪካው አላነጻጸረም፤ ማንንም አልናቀም። ሙዚቃ ከፈተ፣ ሰማ፣ ደስ አለው። ነባሩ አድናቂ ምስኪኑን አላባረረውም፤ ትልቅ ሰው ነውና። «ስታድግ ይገባሃል» ብሎ አንብቦ እንዲመጣ የአልበሞች ዝርዝር በደረጃ ጽፎ ሰጠው። ልጁ ዝርዝሩን ኪሱ ከትቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መልሶ ሄደ።

የደረጃው መጨረሻ የት ነው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔ የማውቀው የላይኛው እርከን እንዲህ ነው። ባንዱ ከ«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በኋላ የሙዚቃ መሣሪያ ሳይነካ በቤት ውስጥ ዕቃዎች ብቻ አንድ አልበም ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። በተወጠረ ላስቲክ፣ በወይን ብርጭቆና በመሳሰለው ድምፅ ሲፈልጉ ቆይተው ሰለቻቸውና ተዉት። አልበሙ ሳይሠራ ቀረ። የሊቃውንት ሊቅ የሆነው አድናቂ «ምርጡ የትኛው ነው?» ሲባል ይህን ይመርጣል። አስቡት እስኪ፦ ደካማ ዘፈን የለበትም፣ ሰንጠረዥ ላይ አልወጣም፣ ካናቴራ አልታተመለትም፣ ጎረቤት አላንጎራጎረውም። ሰምቼዋለሁ ብሎ የሚከራከርህ ሰው በምድር ላይ የለም። ለብዙ ዓመታት ይህን መልስ የሚረታ አልተገኘም ነበር። በ2011 ግን ባንዱ የቆዩ ቅጂዎቹን ሰብስቦ ሲያወጣ ከዚያ ሙከራ የተረፉ ሁለት ቅንጫቢዎችን አብሮ አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ያልተሠራው አልበምም ከደረጃው ዝቅ ማለቱን ሰምቻለሁ፤ ሰው ሰማው አሉ።