አንቺሆዬን በላፕቶፕ መቃኘት

ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን፣ ሐበሻ ሙዚቀኛ በተሰበሰበበት አንድ ወሬ አይጠፋም፦ «አገር ቤት ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ያልገፋው መሣሪያ ስለሌለ ነው።» ነገሩ እንደሱ አይደለም። ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብ በፈረንጆቹ 1944 ካይሮ ላይ የዛር ሥርዓት (ዛር ለእኛም እንግዳ አይደለም) በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ ድምፁን በማስተጋባት ለዋውጦ ድርሰት ሲሠራበት፣ ፓሪስ ተመሳሳዩን ለመሥራት ገና አራት ዓመት ይቀራት ነበር። ይኸው ሰው ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመውም እሱ ነው። የኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ሲያዋህድም የያዘው መሣሪያ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የኮሎኝና የፓሪስ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮዎች በሬዲዮ ጣቢያ ሥር ስለነበሩ ቴክኒሻንም መዝገብም ነበራቸው፤ አንዱ የደረሰበት ለሚቀጥለው ይቆያል። እኛ ዘንድ ቅኝቱ ያለው በደርዳሪው ጆሮ ነው፣ እሱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ላፕቶፑ ደግሞ የፒያኖ ቅኝት ተሞልቶ ነው የሚመጣው፦ ኦክታቩ (አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ ራሱን እስኪደግም ያለው ርቀት) 12 እኩል ቦታ ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ቶን 100 ሴንት (ሴንት የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው)። የትዝታ ቅኝት እንደምንም ይገባበታል። የአንቺሆዬ ቅኝት ግን ተገዶ ሲገባ ኪቦርዱ ላይ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ሰሚው የጎደለውን በስም ባይጠራውም ጆሮው ያውቀዋል።

መፍትሔው መለካት ነው። ክራር ደርዳሪው በራሱ ጆሮ ይቃኝ፣ ቱነር (የቅኝት መለኪያ) አታሳዩት፤ ካየ መርፌውን ይከተላል። ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን አምስት ጊዜ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ቅረጹ። የተመታ ክር ከፍ ብሎ ይጀምርና ይወርዳል፤ ስለዚህ ልኩን ከግማሽ ሰከንድ በኋላ አንብቡ። ሃያ ደቂቃ ካጫወታችሁት በኋላ ድገሙት፣ የናይለን ክር ይረግባልና። በፒዬዞ ማይክ (መሣሪያው ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን በሚቀበለው) የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ 1 ሜጋኦም መግቢያ (የጊታር መሰኪያ) ላይ ሰኩት፤ በተራ መግቢያ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል።

የተገኘው ልክ የስካላ ፋይል (ቅኝቱን ለሙዚቃ ፕሮግራም የሚነግር ፋይል) ይሆናል፤ ተራ ጽሑፍ ነው፦ መጀመሪያ መግለጫ፣ ቀጥሎ የድምፆቹ ብዛት (5፤ ከስድስቱ ክሮች አንዱ የሌላው ኦክታቭ ነው)፣ ከዚያ በየመስመሩ የሴንቱ ልክ፣ መጨረሻው 1200.0። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጥቧ ላይ ነው። 204.0 ብሎ የጻፈ ሴንት ጻፈ፤ 204 ብሎ የጻፈ ግን ፕሮግራሙ 204 እጥፍ አድርጎ ያነብበታል፣ ድምፁም ከጆሮ በላይ ይሸሻል። ሌላው፣ አምስት ድምፅ የያዘ ፋይል ተከታታይ ቁልፎች ላይ ስለሚደረደር ኦክታቩ ከመነሻው አምስት ቁልፍ ከፍ ብሎ ይመጣል። እጁ ፒያኖ የለመደ ሰው ይህ ያናድደዋል፤ ክፍተቱን ሞልቶ 12 ማድረግ ይሻላል።

ስካላ የማይቀበል ሲንተሳይዘር በፒች ቤንድ (ድምፁን ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ትእዛዝ) ይስተካከላል፣ ነገር ግን ላኪውም ተቀባዩም አንድ የቤንድ ስፋት ይያዙ። 2 ግማሽ ቶን ታስቦ የተላከ የ30 ሴንት ማስተካከያ፣ ተቀባዩ 48 ላይ ከሆነ 720 ሴንት ይሆናል። ቤንዱ ደግሞ የሚሠራው በቻናሉ ሙሉ ነው፤ አብረው የሚጮኹ ድምፆች የየራሳቸው ቻናል ይፈልጋሉ።

ምቱም የራሱ ጣጣ አለው፦ የቺክቺካን ምት በፕሮግራሙ የአሥራ ስድስተኛ ኖታ መስመር ላይ ያስተካከለ ሰው ገድሎታል። መስመሩን ወደ ሦስትዮሽ ቀይሩ፣ ማስተካከያውንም ግማሽ ያህል ብቻ አድርጉት።

በበገና ላይ የሚሠራው ጥፋት ደግሞ በጨዋነት የሚሠራ ነው። ፈረንጅ አገር ያለ የቅልቅል ባለሙያ የበገናን ንዝረት ሲሰማ ማይክ የተበላሸ ይመስለውና ጩኸት ማጥፊያውን ይጭንበታል። ያጠፋው ግን እንዚራውን፣ በክሩና በድልድዩ መሃል ያለችውን ቆዳ ድምፅ ነው፤ የተረፈው በገና አይባልም። ፋይሉ ሲላክ «ይህ ንዝረት ይቀመጥ» ብሎ መጻፍ ግድ ነው።

እንደ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ያሉት በኤሌክትሮኒክ ሥራቸው የአገር ቤቱን ድምፅ ውጭ አሰምተዋል። ውጭ ያለነው ግን እስካሁን ኪቦርድ በሻንጣ ከመላክ ብዙም አላለፍንም። የዚያን ኪቦርድ ዋጋ ለጥቂት ደርዳሪዎች የግማሽ ቀን ሥራ መክፈል ይቻላል። ቅጂውም የስካላ ፋይሉም የደርዳሪውን ስም፣ ቅኝቱን የተማረበትን ቦታና ቀኑን ይዘው አንዱ አገር ቤት አንዱ ውጭ ይቀመጡ፤ ክፍያውም ከመቅረጹ በፊት ይሁን።