ምን ይሠራል? ይሠራል!

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰበሰብበት ጀበና ቡና አለ። እዚያ የማገኘው አንድ ወዳጄ የድሮ የእጅ ኮምፒውተር ይሰበስባል። ሰብስቦ ዝም አይልም፤ ለእያንዳንዱ ሪቪው፣ ማለትም ግምገማ፣ ይጽፍለታል። አንባቢዎቹም እንደ እሱ ሰብሳቢዎች ናቸው። እነዚህን ሰዎች ሳላመሰግን ብሞት ነፍሴ አትማርም።

እስቲ አስቡት። በዚህ አገር ግምገማ ሲባል ሰው በላብ ይጠመቃል። ተገምጋሚው ሒሱን ይውጣል፣ ግለ ሒሱን ያወርዳል፣ ከቀናውም ወንበሩን እንደያዘ ይወጣል። የወዳጄ ግምገማ ግን እንዲህ ያለ ጭካኔ የለበትም። ተገምጋሚው ስክሪኑ ተሰንጥቆ፣ ማጠፊያው ላልቶ፣ የባትሪ ክዳኑ በፕላስተር ታስሮ ይቀርባል። አምስት ኮከብ ተሸክሞ ይመለሳል። እስካሁን አራት ያገኘ አንድ ብቻ ነው። እሱም ጭራሽ ስላልበራ ነው።

አጻጻፉም ወግ አለው። መጀመሪያ ካርቶኑ ይወደሳል። ቀጥሎ የካርቶኑ ሽታ። ከዚያ መክፈትና መዝጋት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሳይዮን ሲሪስ 5 ሲከፈት ኪቦርዱ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ይወጣል፤ ስክሪኑም ጋደም ብሎ ይደገፋል። እውነቱን ለመናገር ግሩም አሠራር ነው። እኔም መጀመሪያ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። ወዳጄ ግን አንድ ሙሉ ገጽ ጨረሰበት፤ ሲዘጋ የሚያሰማትን "ቀጭ" ከበገና ድርድር ጋር አመሳሰላት። መከፈትና መዘጋት ሲበዛ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ፍሌክስ የሚባል ስስ ገመድ እንደሚቆረጥም አልሸሸገም። "ጠባዩ ነው" ብሎ አለፈው።

ስለ ጽሕፈትማ ምኑ ይነገራል! እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፓይለት 1000፣ ማህደረ ትውስታው 128 ኪሎባይት፣ ኪቦርድ የለውም። በብዕር መሰል ዘንግ ትጽፍበታለህ፤ እሱም ግራፊቲ በሚባል የራሱ አጻጻፍ። የላቲኑን "ኤ" መሐሉ ላይ መሥመር ሳታሰምር እንደ ጎጆ ክዳን ታደርገዋለህ። ወዳጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥንቶ ተመረቀ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ቁም ጽሕፈት ለመልመድ ዓመታት የፈጁ ሰዎች በኖሩበት ከተማ ይህም አንድ ሙያ ነው። እርግጥ "ጎንደር" ብሎ ሊጽፍበት አይችልም፤ መሣሪያው ሀሁ አልቆጠረም። ሪቪው ላይ ይህ "ከወሬ ይጠብቃል" በሚል ከጥቅሞቹ ተርታ ሰፍሯል።

ፓይለትን የፈጠረው ጄፍ ሆኪንስ፣ መሣሪያው ገና ሳይሠራ በልኩ የተቆረጠ እንጨት ኪሱ ከትቶ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲኖረው እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ይመስል ይነካካዋል። ሰውዬው ሐሳቡን እየፈተነ ነበር። ያ እንጨት ወዳጄ እጅ ቢገባ ግን ወዮለት። "የባትሪ ነገር አያሳስብም፤ ቢወድቅም አይሰበር" ተብሎ አምስት ኮከቡን ይቀበል ነበር። ደግሞ ውሸት አይሆንም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የዚያ ዘመን የእጅ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ሞኝም ወረቀትም አይደሉም። የያዙትን ራም በሚባል፣ ኃይል ሲቋረጥበት ሁሉን በሚረሳ ማህደረ ትውስታ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ይለቁታል። ወዳጄ ለጥምቀት ቤቱ የሚያርፉትን እንግዶች ስምና አዘዞ የሚደርሱበትን ሰዓት ከእነዚህ በአንዱ ላይ መዝግቦ መሳቢያ ውስጥ ረሳው። ጥር 10 ቀን ቢያወጣው እንደ አራስ ልጅ ምንም አያውቅም። እኛ ታቦት አጅበን ወደ ፋሲል መዋኛ ስንወርድ እንግዶቹ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። የዚያ ሳምንት ሪቪው ርዕስ "ከትናንት ሸክም የሚያሳርፍ መሣሪያ" ይል ነበር።

ቡና የምታፈላልን እትዬ አንድ ቀን ዕቃውን አገላብጣ አየችው።

"ልጄ፣ ይደውላል?"

"አይደውልም እትዬ።"

"ፎቶስ ያነሳል?"

"ኧረ አያነሳም።"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ይሠራል እኮ!" አለ ወዳጄ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "እስካሁን ይሠራል!"

እትዬ እኔን አየችኝ። እኔ ስኒዬን አየሁ።

ይህ "ይሠራል" የሪቪዎቹ ሁሉ ቁንጮ ነው። ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ነውር ነው። ወዳጄ ራሱ አያሠራቸውም፤ እንዳይደክሙ። ስለ ኪቦርድ ምቾት ያን ሁሉ የሚጽፈው በምን መሰላችሁ? በስልኩ፣ በአውራ ጣቱ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሥራ ተገኘ። ሒሳብ ስንጠይቅ ወዳጄ "ቆይ!" ብሎ ኤችፒ 200ኤልኤክስ አወጣ። እ.ኤ.አ. የ1994 ዕቃ ነው፤ ሎተስ 1-2-3 የሚባል የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ውስጡ ተጭኖ የመጣ። የአምስት ስኒ ቡናና የአንድ ሳህን ፈንዲሻ ሠንጠረዥ ይሠራ ጀመር። ስክሪኑ የራሱ መብራት የለውም፣ ቤቱ ደግሞ ጨለም ያለ ነው። ስለዚህ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ብርሃኑ አንጸባረቀበት፤ ወደ ጎን አዘነበለው። መነጽሩን ፈለገ። መነጽሩ እኔ ዘንድ ነበር።

ይዤለት ስደርስ እትዬ መልሱን ቆጥራ እጄ ላይ አድርጋ፣ ስኒዎቹን ማጠብ ጀምራለች።

ማታ ጽሑፉ ደረሰኝ። "ለዕለት ተዕለት ሒሳብ፣ ዛሬም ከእሱ የሚፈጥን የለም" ይላል። አምስት ኮከብ።