ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የብስክሌት መብራቴ «10,000 ሉመን»

ጉዳዩ፦ በካርቶንዎ ላይ የታየው ብርሃን መንገድ ላይ ስለ መጥፋቱ

ክቡርነትዎ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ብስክሌቴን በአንድ እጄ እየገፋሁ፣ በሌላው የስልኬን መብራት ይዤ፣ ዓይን ቢወጉ በማይታይበት የገጠር መንገድ በእግሬ ቤቴ ከገባሁ በኋላ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ። ብስክሌቱ ምንም አልሆነም፤ የጎደለው የእርስዎ ብርሃን ብቻ ነው።

በተዋወቅንበት ዕለት ስምዎ፣ ማለትም የብርሃን መጠንዎ፣ ከራስዎ በገዘፈ አኃዝ በካርቶኑ ላይ ተጽፎ ነበር። አጠገብዎ «800 ሉመን» የሚል አንድ ትሑት መብራት መቀመጡን አስታውሳለሁ፤ ዞር ብዬም አላየሁት። 10,000 እያለ 800 የሚገዛ ምን ዓይነት ሰው ነው ስል በልቤ ተሳለቅሁ።

ካፈርኩ አይቀር፣ ዘግይቼም ቢሆን ሒሳቡን ሠራሁት። የዛሬ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት ኃይል ከ100 እስከ 150 ሉመን ገደማ ያወጣል፤ ስለዚህ ክቡርነትዎ ስምዎን ለማስከበር ቢያንስ ወደ 70 ዋት መሳብ ይኖርብዎታል። በሆድዎ ውስጥ ያገኘኋቸው ግን 18650 የሚባሉት፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች ናቸው። የዚህ ዓይነት ባትሪ ጥሩ የሚባለው እንኳ የሚይዘው 3,500 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በእርስዎዎቹ ልባስ ላይ 9,900 ተብሎ ስለ ተጻፈ ጉራው በዘር የወረደ መሆኑን ተረዳሁ። ጥሩዎቹ ናቸው ብለን ብንምርዎ እንኳ ሁለቱ ተደምረው 25 ዋት-ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 25 ዋትን ለአንድ ሰዓት የሚያስኬድ ኃይል፣ ናቸውና፣ በ70 ዋት ቢነዱ ከ20 ደቂቃ እምብዛም አያልፉም። ካርቶንዎ ግን ለ6 ሰዓት ያበራል ይላል። ስለ ሙቀቱ አላነሣም፤ ይህን ያህል ኃይል በዚያች ጠባብ አካል ውስጥ ቢያልፍ ኖሮ ከመሪዬ ላይ የማነሣዎት በጓንት ነበር።

ይህን ሁሉ ይቅር እል ነበር፤ ያለዎትን ጥቂት ብርሃን የት እንደሚያፈሱት ባላይ ኖሮ። ሉመን ከመብራት የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ ድምር ነው፤ መንገዱ ላይ ያረፈው የሚለካው በሉክስ ነው። እርስዎ እንደ እጅ ባትሪ በክብ እንዲበትኑ ተሠርተዋልና፣ የብርሃንዎን ትልቅ ድርሻ ለዛፍ ጫፍና ለተኙ ወፎች አደሉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት የእርስዎ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው በሴኮንድ ወደ 7 ሜትር ይጓዛል፤ ጉድጓድ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 10 ሜትር ያህል አልፏል፣ በደረቅ አስፋልት እስኪቆም ደግሞ ሌላ 5 ሜትር ይሄዳል። እርስዎ ጉድጓዱን ያሳዩኝ 4 ሜትር ሲቀረኝ ነው። ለነገሩ አሳዩኝ ከማለት አገናኙኝ ማለቱ ይቀላል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ቁልቁለቱ ላይ የሆነው ነው። ከፊት ለፊቴ ሌላ ብስክሌተኛ ይመጣ ነበር፤ የመብራቱ ብርሃን በላይ በኩል በማስመሪያ የተቆረጠ ይመስል ከደረቴ በታች ቀርቶ በመንገዱ ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። እኔ በበኩሌ ዓይኑን እያጠፋሁት ስለ ነበር፣ ላደበዝዝዎ አዝራርዎን ተጫንኩ። ያለዎት አንድ አዝራር ነው፤ ከደማቁ ወደ ደብዛዛው ለመድረስ በብልጭታው፣ ከዚያም መርከብ ሲሰጥም በሚላከው የኤስ ኦ ኤስ ምልክት በኩል ማለፍ ግዴታ ኖሯል። ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር። ሰውየው ፍሬን ይዞ ቆመ፤ መዳፉን ግንባሩ ላይ ጋርዶ «ወንድሜ፣ ምን ሆንክ? ልርዳህ?» አለኝ። እውነቱን መናገር አፍሬ ሰንሰለቱ ወልቆብኝ ነው አልኩት። መሪውን ወደ እኔ አዙሮ ጎንበስ አለ። መብራቱ የሚሠራው በፊተኛው ጎማ እምብርት ባለች 3 ዋት ዲናሞ ነው፤ ጎማው ቆሞም ካጠራቀመው ጥቂት ኃይል ቀስ ብሎ ይበራ ነበር። «ደህና ነው እኮ» አለ። እርስዎ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ያሉት ልክ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከመሪዬ ላይ ተነሥተው ወደ ዕቃ ቤት የተዛወሩ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። በዚያ የጠፋ ጫማ በመፈለግ ሥራ ላይ የሚመደቡ ሲሆን፣ ኤስ ኦ ኤሱንም እንደ ልብዎ መጠቀም ይችላሉ። ለክፍት ቦታው የሚወዳደር መብራት ብርሃኑ በላይ በኩል የተቆረጠ፣ የጀርመን የመንገድ ደንብ በ10 ሜትር ርቀት የሚጠይቀውን 10 ሉክስ በብዙ እጥፍ የሚያልፍ፣ በየደረጃው ስንት ሰዓት እንደሚበራ ሳያጋንን የሚናገር፣ ሊያልቅበት ሲል የሚያስጠነቅቅና ዝናብ ሲነካው የማያኮርፍ መሆን አለበት። መሪ ላይ መቀመጥንም መናቅ የለበትም፤ ከራስ ቁር ላይ ብቻ የሚመጣ ብርሃን ከዓይን ጋር በአንድ መስመር ስለሚወርድ የጉድጓዱን ጥላ ይደብቃል፣ ጥላው ካልታየ ደግሞ ጉድጓዱ ሜዳ ይመስላል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኋላ ቀይ መብራቴ፤ በካርቶኑ ላይ አንድም ቁጥር ሳያስጽፍ እስከ ቤት ደጃፍ ስለ በራ።