ናፍጣ ወይስ ቤንዚን ከማለታችን በፊት የበሩን ወረቀት እናንብብ

በኮሎራዶ፣ በኦሮራና በዴንቨር ከማውቃቸው የሀገሬ ልጆች መካከል፣ ከዓመታት የታክሲና የጭነት መኪና ሥራ በኋላ ትንሽ ፋታ አግኝተው ተሳቢ ቤት የገዙ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሮኪ ተራሮች የሚወጡ ቤተሰቦች እየበዙ ነው። ከእነዚህ ተሳቢዎች ትልልቆቹ የሚያያዙት ከፒክአፑ ጅራት ጋር አይደለም፤ በጭነት ሳጥኑ ውስጥ፣ ከኋላው አክስል በላይ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ በሚተከል መቆለፊያ ላይ ያርፋሉ። ስማቸው «ፊፍዝ ዊል» ነው፤ አሠራሩንም ከባድ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ተሳቢ የገዛ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው የሚጎትተው መኪና የናፍጣ ይሁን ወይስ የቤንዚን የሚለውን ነው። ቡና ላይ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለመጎተት ናፍጣ ነው፤ ቤንዚን ለከተማ ነው።»

ይህ መልስ ለአንዳንዱ ሰው ልክ ነው፤ ለብዙዎቻችን ግን ገንዘብ የሚያስወጣ፣ አንዳንዴም ቤተሰብን ለአደጋ የሚያጋልጥ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ከሞተሩ ዓይነት መቅደም ያለበት መኪናው በጀርባው የሚሸከመው ክብደት ነው። በቀላል ሻንሲ ላይ ከተቀመጠ ኃይለኛ የናፍጣ ሞተር ይልቅ በጠንካራ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ የቤንዚን ሞተር ለፊፍዝ ዊል ይሻላል።

የእምነታችን ምንጭ ይገባኛል። ባደግንበት ሀገር ጭነት የሚጎትት መኪና ሁሉ፣ ከድሮው ኤንትሬ እስከ አይሱዙና ሲኖትራክ፣ የናፍጣ ነው። የዓባይን በረሃ በከባድ ጭነት የወረደና የወጣ ሹፌር ቤንዚንን ከጭነት ጋር አያይዞ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። እኔም ይህንኑ ይዤ ነው ከስድስት ዓመት በፊት «ባለ ሦስት አራተኛ ቶን» የሚባለውን (ስሙ የመኪናው ደረጃ ነው እንጂ የጭነቱ ልክ አይደለም) የናፍጣ ፒክአፕ የገዛሁት። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ አሰማኝ፤ ቤት ይጎትታል አለኝ፤ ከዚያ በኋላ የጠየቅሁት ስለ ወርኃዊ ክፍያው ብቻ ነበር።

በሐምሌ ወር አንድ ዓርብ ጠዋት ተሳቢውን አያይዘን፣ ልጆቹን ጋቢና ውስጥ ጭነን ስንወጣ የመኪናው ጅራት ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ማለቱን አስተዋልሁ። በጭነት መኪኖች ማረፊያ ወዳለው ሚዛን ጎራ ብዬ ተመዘንሁና ወረቀቱን ተቀበልሁ። የፊት አክስል 4,640 ፓውንድ፣ የኋላ አክስል 6,640፣ የተሳቢው አክስሎች 9,750 ይላል። የመኪናው ሁለት አክስሎች ብቻ፣ ከራሱ ክብደት ጋር፣ 11,280 ፓውንድ ተሸክመው ቆመዋል ማለት ነው። ከዚያ የሾፌሩን በር ከፍቼ፣ ለዓመት ያህል በየቀኑ በአጠገቡ ያለፍሁትን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብሁ። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 10,000 ፓውንድ፣ የኋላው አክስል 6,200፣ ሰውና ዕቃ አንድ ላይ ከ2,140 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። ከተፈቀደው በ1,280 ፓውንድ አልፌያለሁ። ሞተሩ ግን ምንም አልተሰማውም፤ ዳገቱን እንደ ባዶ መኪና ነበር የሚወጣው። አታላዩ ነገር ይህ ነው፤ ሞተሩ የማይሰማውን ክብደት ባሌስትራው፣ ጎማው፣ የጎማው ቡሎንና ፍሬኑ ይሰሙታል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከመግዛቱ በፊት የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው። ፊፍዝ ዊል ከጠቅላላ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን በመኪናው ጀርባ ላይ ያሳርፋል፤ ለጥንቃቄ 20 በመቶ ብሎ መያዝ የተለመደ ነው። የእኔ ተሳቢ ተጭኖ 12,200 ፓውንድ ይመዝናል፤ ስለዚህ ወደ 2,450 ፓውንድ የሚጠጋው መኪናው ላይ ነው። መቆለፊያው ራሱ 180 ፓውንድ ነው፤ አምስታችን ስንሳፈር 690፤ የልጆቹ ዕቃና የውሃ ማቀዝቀዣው መቶ ያህል። ገና ከቤት ሳንወጣ፣ ተሳቢው ብቻውን የመኪናውን አቅም ጨርሶታል።

የዚህ ምክንያት ራሱ ናፍጣው ነው። ብዙዎቹ ባለ ሦስት አራተኛ ቶን መኪኖች ጠቅላላ ክብደታቸው 10,000 ፓውንድ ላይ እንዲቆም ተደርገው ይወጣሉ። የናፍጣው ሞተር ከነመሣሪያው ከቤንዚኑ በብዙ መቶ ፓውንድ ስለሚከብድ፣ ያ ክብደት ከጭነት አቅሙ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ብዙ ለመጎተት ብለን የከፈልንበት ሞተር የመሸከም አቅማችንን ይበላብናል። «ባለ አንድ ቶን» የሚባለው መኪና ከቤንዚን ሞተር ጋር ሲመጣ ግን፣ ባለ ነጠላ የኋላ ጎማው እንኳ ወደ 4,000 ፓውንድ የሚጠጋ የሚሸከም ማግኘት ይቻላል፤ ዋጋውም ከናፍጣው ሦስት አራተኛ ቶን ያንሳል። ባሌስትራው ላይ የአየር ከረጢት ጨምሩበት የሚሉ አሉ። ከረጢቱ ጅራቱን ቀና ያደርጋል እንጂ በበሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይለውጥም።

ማስታወቂያዎቹ የሚሉትም ሐሰት አይደለም፤ ሌላ ጥያቄ ይመልሳሉ እንጂ። ፋብሪካዎቹ የመጎተት አቅም ሲያወጡ የሚከተሉት የጋራ መለኪያ አለ። በዚያ መለኪያ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም በሚባለው 11 ማይል ተኩል ገደማ በሆነ ዳገት ላይ፣ በሙቀት፣ የአየር ማቀዝቀዣው ተከፍቶ፣ ባለ ነጠላ የኋላ ጎማ መኪና በሰዓት ከ40 ማይል ሳይወርድ መውጣት እንዲችል ነው። በፈተናው የሚታሰቡት ሹፌርና አንድ ተሳፋሪ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም 150 ፓውንድ ተደርገው ይያዛሉ። ሦስት ልጆች፣ የቡና ዕቃና ሁለት ሣጥን ውኃ የጫነ ቤተሰብ በዚያ ስሌት ውስጥ የለም።

ይህን ካልሁ በኋላ ለናፍጣው የሚገባውን ልስጠው፤ ኮሎራዶ ውስጥ እየኖሩ የናፍጣን ጥቅም መካድ አይቻልምና። የፎርድ ትልቁ የቤንዚን ሞተር፣ ባለ 7.3 ሊትሩ፣ 430 የፈረስ ጉልበትና 485 ፓውንድ ጫማ ቶርክ (የማዞር ኃይል) አለው፤ ቶርኩ ጫፍ የሚደርሰው በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ነው። የዚያው ፋብሪካ ባለ 6.7 ሊትር ናፍጣ በኃይለኛው ዓይነቱ 500 የፈረስ ጉልበትና 1,200 ፓውንድ ጫማ ይሰጣል፤ ቶርኩንም ሞተሩ ገና ሳይጮኽ፣ ከ2,000 ዙር በታች ያገኘዋል። የራም ካሚንስና የሼቭሮሌት ዱራማክስ ናፍጣዎችም ከዚህ እጅግ የራቁ አይደሉም።

ልዩነቱን የሚያሰፋው ከፍታው ነው። ዴንቨር ራሷ 5,280 ጫማ ላይ ናት፤ አይ-70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ምዕራብ 60 ማይል ያህል ስንጓዝ የምናገኘው የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው ሦስት በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሲሶው ያህል ሄዷል፤ 430 የነበረው ወደ 290 ወርዷል ማለት ነው። የናፍጣው ቱርቦ ደግሞ የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛው ጉልበቱ አብሮት ይወጣል። ቤንዚኑ አይወጣም ማለቴ አይደለም። ቀኝ መስመር ይዞ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 40 እና 45 ማይል ይወጣል፤ ጩኸቱ ግን ያልለመደውን ሰው ያስደነግጣል።

ለእኔ ከዳገቱ በላይ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ የሚወርደው መንገድ ሰባት በመቶ ተዳፋት ሆኖ ለስምንት ማይል ገደማ ይዘልቃል፤ ፍሬን ለከዳው ከባድ መኪና የተዘጋጁ የጠጠር ማምለጫዎችም አሉበት። የዛሬው ናፍጣ የቱርቦውን ክንፎች ገጥሞ ጭሱን በማፈን ሞተሩን እንደ ፍሬን የሚጠቀም መሣሪያ አለው፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ እግርን ከፍሬን ላይ አንሥቶ በተረጋጋ ፍጥነት መውረድ ይቻላል። የቤንዚን ሞተርም ማርሽ ሲቀነስ ይይዛል፤ እንደ ናፍጣው ግን አይይዝም። የናፍጣን ዋጋ ለቁልቁለት ሲል የሚከፍል ሰው ሲገጥመኝ አልከራከረውም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በአዲስ መኪና ላይ የናፍጣ ሞተር መምረጥ ወደ 10,000 ዶላር ገደማ ይጨምራል። ለስሌት ያህል ቤንዚን በጋሎን 3.20፣ ናፍጣ 3.80 ዶላር ነው እንበል፤ የፌዴራል ቀረጡ ብቻ በናፍጣ ላይ በጋሎን ስድስት ሳንቲም ይበልጣል። ሲጎትት ቤንዚኑ በጋሎን 8 ማይል፣ ናፍጣው 11 ማይል ይሂድ፤ ባዶውን ደግሞ 13 እና 17። በዓመት 5,000 ማይል የሚጎትትና 7,000 ማይል ባዶውን የሚነዳ ቤተሰብ በናፍጣ የሚያተርፈው 430 ዶላር ያህል ነው። ከዚያ ላይ የዘይቱ፣ የነዳጅ ማጣሪያውና የዴፉ (ጭሱን ለማጽዳት የሚረጨው ፈሳሽ) ወጪ ይቀነሳል፤ የፎርዱ ናፍጣ አንድ የዘይት ቅየራ 13 ኳርት ሲፈልግ የ7.3ቱ ቤንዚን 8 ይበቃዋል። ሲሸጥ የናፍጣው መኪና ዋጋውን የተሻለ ይይዛል፤ እውነት ነው። ግማሹን ገንዘብ መልሶ ቢሰጠን እንኳ ቀሪውን በነዳጅ ለማካካስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል።

በተሳቢ ዕቃ እያመላለሰ የሚተዳደር ወንድማችን ጉዳይ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በዓመት 100,000 ማይል የሚጎትት ሰው በዚሁ ዋጋ ከነዳጅ ብቻ ከ5,400 ዶላር በላይ ያተርፋል፤ ተጨማሪውን ዋጋ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይመልሳል። ለእርሱ ባለ አንድ ቶን፣ ባለ ጥንድ የኋላ ጎማ ናፍጣ የሥራ መሣሪያው ነው።

አንድ ነገር በሚገባ ሊታሰብበት ይገባል፤ ሀገር ቤት የምናውቀው ናፍጣና የዛሬው የአሜሪካ ናፍጣ አንድ አይደሉም። ያኛው ፖምፓውና ኖዝሉ ከተስተካከለ መንገድ ዳር የሚጠገን፣ ልፋት የሚችል ሞተር ነበር። የዛሬው የጭሱን ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለው፤ ማጣሪያው ሲሞላ ሞተሩ ማጣሪያውን አግሎ ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል፤ ለዚህም ረዘም ያለ፣ የጋለ ጉዞ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዩሪያ በውኃ ሟሙቶ፣ ሹፌሮች ዴፍ የሚሉት ሆኖ፣ በጭሱ ላይ ይረጫል። ዴፉ ካለቀ ወይም አንዱ ሴንሰር ከተበላሸ መኪናው በራሱ ጊዜ ፍጥነቱን ሊገድብ ይችላል። በዓመት አራት ጊዜ ተሳቢ እየጎተተ ሌላውን ቀን አራት ማይል ወደ ሥራ የሚነዳ ሰው ማጣሪያው ሳይጸዳ እየሞላበት ይቸገራል። ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ፖምፓ ሲሰበር ደግሞ የብረት ፍቅፋቂው በመስመሩ ሁሉ ስለሚሠራጭ ጥገናው ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ይህን ለመሸሽ ማጣሪያውን አስነቅሎ መጣልን የሚመክሩ አሉ፤ የፌዴራሉን የንጹሕ አየር ሕግ መጣስ ስለሆነ፣ በጋሪ የሚገፉ ሕፃናት አፍንጫ ላይም ስለሚጨስ፣ እባካችሁ አትስሟቸው።

ስለዚህ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከተሳቢው ይጀምር። የተሳቢው ፋብሪካ የጻፈውን ባዶ ክብደት ሳይሆን ሲጫን እንዲደርስ የተፈቀደለትን ከፍተኛ ክብደት ይያዝ፤ ከእርሱ 20 በመቶ ያውጣ፤ በላዩ ላይ ቤተሰቡን፣ መቆለፊያውንና ዕቃውን ይደምር። ያንን ቁጥር ይዞ ወደ መሸጫው ይሂድና ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሾፌሩን በር ያስከፍት። በትልልቆቹ መኪኖች ላይ የሰውና የዕቃው ልክ ተለይቶ ላይጻፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ መኪናው ታንኩ ሞልቶ ተመዝኖ፣ ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ ይቀነስለት። ቁጥሩን የሚሸከም መኪና ከተገኘ በኋላ ነው የነዳጁ ምርጫ የሚመጣው።

እኔ ያንን መኪና ሸጥሁት። አሁን የምነዳው ባለ አንድ ቶን ቤንዚን ነው። ባለፈው ሐምሌ በዚያው ሚዛን ላይ ስመዘን የኋላው አክስል ከልኩ በታች ነበር። ዋሻው ድረስ በ43 ማይል፣ የአደጋ መብራቴን አብርቼ፣ ከቀኝ መስመር ሳልወጣ ወጣሁ፤ ወደ ሲልቨርቶርን ስወርድ ማርሹን አስቀድሜ ቀንሼ፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርጌ ለአጭር ጊዜ እየረገጥሁና እየለቀቅሁ አምስት ጊዜ ያህል ነካሁት። ታች ደርሰን ነዳጅ ማደያው ጋ ቆመን ጎማዎቹን በየተራ ስዳስስ ሁሉም ለብ ያሉ ነበሩ። ያንን ቁልቁለት በዓመት ሦስት ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ የምወርደው ቢሆን ኖሮ፣ ባለ አንድ ቶን ናፍጣውን ነገ እገዛው ነበር።