የቀን ፈረቃው የማን ነበር?

ምስጋናን በተመለከተ እኛን የሚያህል ሕዝብ የለም። ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ጉባኤ ሲጠራ መጥታችሁ እዩ። ሲሚንቶ የሰጠ ስሙ በማይክ ይጠራል። ቆርቆሮ የሰጠ ይጠራል። «ለዓመቱ እሰጣለሁ» ብሎ ቃል የገባማ እልልታው ሰፈር ያናውጣል። እዚያው ከአጥሩ ሥር ባሬላ ይዛ አሸዋ የምታመላልሰው ልጅ ስም ግን አይጠራም። ለምን ይጠራል? እሷ እንደሆነች ተከፍሏታል። (ቅዳሜ ይከፈላታል ተብሏል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልተነገረም።)

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለምሥል ይህን ምስጋና በቀለም የማደርሰው እኔ ነኝ። በድሮው ወግ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ይሣላል፤ ስሙም ከጎኑ ይጻፋል። የዛሬ ለጋሾች የበለጠ ትሑት ናቸው። መደፋቱን ለአባቶቻቸው ትተው «ፊቴ በደንብ ይታይ፣ ከረባቱም እንዳይቀር» ይላሉ።

ወደ ጎንደር ዘመን ሥዕሎች ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ብዙዎቹ የተሣሉት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ነው። ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ድርና ማጉ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ጥጡን የፈተለችው ሴት፣ ጨርቁን የሸመነው ሰው እዚያ አሉ። ስማቸውን ባንጽፍም ባዶ እጃቸውን አልሸኘናቸውም፤ ስድብ ሰጥተናቸዋል። ለቤተ መቅደሱ በር ማጠፊያ የቀጠቀጠውንም «ቡዳ» ብለን አክብረነዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። እሳቸው አለፉ፤ እኛ ግን ባህላችንን አሳልፈን አልሰጠንም።

የዝክሩንም ነገር አንርሳ። ካህኑ ጠበል ጸዲቁን ባርከው «ቤትህን የአብርሃም ቤት ያድርገው» ሲሉ አሜን የሚለው የቤቱ ጌታ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምራ ምጣድ ላይ የተጣደችው ሴት ምርቃቱን ልትሰማ የጓዳውን በር ገርበብ ብታደርግ፣ «ኧረ ዝጊው፣ ጭሱ ገባ!» ትባላለች።

ዋናው ጥበባችን ግን ላሊበላ ላይ ነው። 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለዋል። ሌሊት ሌሊት መላእክት ይሠሩ እንደነበር ትውፊቱ ይነግረናል፤ እኔም አምናለሁ። የሌሊቱን ፈረቃ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። የቀኑን ማን እንደሠራው የሚጠይቅ ግን አልገጠመኝም። ያን ሁሉ ድንጋይ ጠርቦ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው ሕዝብ ከመላእክቱ በላይ ረቂቅ ሆኗል።

በቅርቡ የላሊበላን ሥዕል እንድሥል ታዘዝኩ። ንጉሡን ሣልኩ፤ መላእክቱን ሣልኩ። ከጥግ መሮና መዶሻ የያዘ፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ጨመርኩ። ኮሚቴው መጥቶ ዝም ብሎ አየ።

«ይሄ ማነው?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ጠራቢ ነው።»

«ታዲያ ክንፉን መቼ ነው የምትጨርሰው?»