ገመዱ ሲሳብ ማን ይመጣል?

ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና ፋብሪካ በቀሪ ሠራተኛ ብዛት ስሙ የጠፋ ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ከሥራ ይቀራል። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና፣ «ኑሚ» ተብሎ ሲከፈት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው ሠራተኞች፣ የሠራተኛ ማኅበራቸውም ያው ነበር። ከሥራ የሚቀረው ሠራተኛ ግን ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ።

ስለ ኑሚ ሰው የሚያወራው በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ስለተዘረጋው ገመድ ነው። ጉድለት ያየ ሠራተኛ ይስበዋል፤ መብራት ይበራል፣ ዜማ ይሰማል፣ የቡድን መሪው ይደርሳል። መኪናው ከዚያ ሠራተኛ ቦታ ሳያልፍ ካልተስተካከለ መስመሩ ይቆማል። ከገመዱ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ፋብሪካው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የገባው ውል ነው፦ ሠራተኛ ከመቀነሱ በፊት የአለቆች ደመወዝ እንዲቀነስ፣ ለውጭ የተሰጠ ሥራም እንዲመለስ ያስገድዳል። በ1988 ገበያው ሲቀዘቅዝ ማንም አልተባረረም፤ ትርፍ የሆነው ሠራተኛ ሥልጠና ገባ። (ውጭ ሀገር ሁሉ እንዲህ እንዳይመስላችሁ፤ ጄኔራል ሞተርስ ይህንኑ አሠራር ቫን ናይስ ፋብሪካው ላይ ሞክሮ ሳይሳካለት በ1992 ዘጋው።)

እኛም ጋ ካይዘን፣ ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ አለ፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። «አምስቱ ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ በየግድግዳው ተለጥፈዋል። ብዙ ቦታ ግን ጉዞው ሦስተኛው ላይ ይቆማል፤ ወለሉ ይጠረጋል፣ መስመር ይቀባል፣ ያበቃል። ጉድለት የሚያሳይ ሠራተኛ በግምገማ «የአመለካከት ችግር አለበት» ከተባለ አራተኛውን ማን ይሞክረዋል?

የልብስ ስፌት ፋብሪካን እንይ። መርፌ ሲሰበር ስፌተኛዋ ማሽኑን ታቆማለች፣ ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ ቅጽ ላይ ይለጠፋል፣ አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቁራጭ ከጎደለ አጠገቧ ያለው ልብስ በሙሉ ተለይቶ በብረት መፈተሻ ያልፋል። ሥራው ሃያ ደቂቃ ሊያጓትት ይችላል። ሱፐርቫይዘሩ የመርፌውን ዋጋ ከደመወዟ የሚቆርጥ ወይም ለኮታው ሲል የሚጮህባት ከሆነ ግን መርፌ ከጓደኛዋ ትዋሳለች፤ ስብርባሪው ከልብሱ ጋር ካርቶን ውስጥ ገብቶ ደንበኛው ዘንድ ይደርሳል። ያኔ የሚመለሰው አንድ ሸሚዝ ሳይሆን ጭነቱ በሙሉ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በወር መጨረሻ «የተሰበረ መርፌ፦ 0» የሚል ሪፖርት የደረሰው ሥራ አስኪያጅ ማጨብጨቡን ትቶ የመርፌ ግዢ ደረሰኙን ቢያይ ይሻለዋል።